አንድ ሜትር በአንድ ሜትር

«ስንት ሆነ?» አለ አባቷ ከአጠገቧ ቆሞ።

ሀጀራ በአራት ችካልና በሲባጎ በታጠረችው ካሬ ላይ ተንበርክካ እያንዳንዱን ቡቃያ በጣቷ እየነካች ትቆጥራለች። ካሬዋ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ናት። ጠጠሩ ጉልበቷን ይወጋታል፤ የሚያዝያ ፀሐይ ደግሞ አናቷን ይጠብሳታል።

«ሃያ ሦስት» አለች በመጨረሻ።

«ባለፈውስ?»

«አሥራ አራት።»

«አልሐምዱሊላህ!» ሙህሲን በዱላው መሬቱን መታ መታ አደረገ። ማንበብና መጻፍ አይችልም። ቁጥር ላይ ግን ቀልድ አያውቅም፤ ቆቦ ገበያ ውስጥ እሱን የሚያጭበረብር ነጋዴ ገና አልተወለደም። አሥራ አራት ሃያ ሦስት ከሆነ መሬቱ እየዳነ ነው ማለት ነው። ለእሱ ሒሳቡ ይኸው ነው።

እሱ ካሬዋን በዓይኑ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነውና የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። ካሬዋ መጀመሪያ የተተከለችበት ቦታ ላይ የለችም። ሀጀራ ነቅላ አንስታታለች።

መሬቱ አራት ጥማድ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በነሐሴ፣ ከምዕራብ ተራሮች የወረደ ጎርፍ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቀበረው። ደርቶ የነበረውን ማሽላ፣ ጥቁሩን አፈር፣ የዳር ድንበሩን ድንጋይ ሁሉ ከወገብ በላይ በሚደርስ ጠጠርና አሸዋ ሥር አስገባው። የራያ ሰው ጎርፍ አይጠላም፤ ከወንዙ እየጠለፈ፣ በቦይ እየመራ ማሳውን የሚያጠጣው በእሱ ነው። ያን ዕለት ግን ጎርፉ ቋጥኝ እያንከባለለ መጣ። ውሃው ከወንዙ ወደ ቦዩ ለሚገባበት ለጠለፋው አፍ ከሁሉም የሚቀርበው የሙህሲን ማሳ ስለሆነ ድንጋዩን ያራገፈው እዚያ ላይ ነው። ከታች ያሉት ጎረቤቶች ጥሩ ደለል ደረሳቸው።

ሙህሲን ለአንድ ዓመት ያህል ድንጋይ ለቀመ። ለቅሞ ለቅሞ ትልቅ ክምር ሠራ፤ ከሥሩ ግን ሌላ ድንጋይ ወጣ። ባለፈው ጥቅምት አንዱን በሬ ሸጠ። ያን ዕለት ማታ እራት ቀርቦለት እጁን ሳይሰድ እሳቱን እያየ ቁጭ አለ። ሀጀራ የዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ ደብተሯን ይዛ አጠገቡ የተቀመጠችው ያኔ ነው።

«አባዬ፣ ዛሬ ምን እንደተማርን ልንገርህ? እሳተ ገሞራ ያቃጠለው፣ ጎርፍ የቀበረው መሬት ባዶ ሆኖ አይቀርም። መጀመሪያ የሚመጡ ዕፅዋት አሉ፤ ፈር ቀዳጅ ይባላሉ። አፈር አይፈልጉም። ጠጠር ላይ ይበቅላሉ፣ ይሞታሉ፣ ይበሰብሳሉ፣ አፈር ይሆናሉ። በእነሱ ላይ ደግሞ ሌላው ይመጣል።»

«ፈር የሚቀደውማ በሬ ነበር» አለ ሙህሲን። ቢሆንም ፊቱን ወደ እሷ አዙሯል። «በእኛ ጠጠር ላይ የበቀለው ጦቢያው ነው። እሱን ማለትሽ ነው?»

ጦቢያው ሰፊ ቅጠል ያለው፣ ሲሰበር ነጭ ወተት የሚያፈስ፣ ፍየል እንኳ የማትነካው ተክል ነው። ገበሬ ማሳው ላይ ሲያየው ያፍራል።

«አዎ፣ እሱ!»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

መምህሯ ስለ ጊዜው የተናገረው ነገር ነበር። «ረጅም፣ በጣም ረጅም» ብሏል፤ ቁጥር ግን አልጠራም። ሀጀራ የአባቷን ዓይን አየች። ወሩን ሙሉ እንደዚያ ዓይኑ ተከፍቶ አላየችውም።

«ሁለት፣ ሦስት ዓመት» አለች።

ሙህሲን ወደ ትሪው ተጠግቶ «ቢስሚላህ» ብሎ መብላት ጀመረ።

እንግዲህ ውሸቷ እንዲህ ቀላል ነበር። የከበደው ሙህሲን መቁጠር ሲጀምር ነው። ጎርፉ ከመጣ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ስለዚህ መሬቱ የሚመለሰው ዘንድሮ ነው። ለመጪው ሚያዝያ የሚዘራውን ደጋሌት ማሽላ ከጎታው አውጥቶ በማዳበሪያ ከረጢት ቋጠረና ማንም እንዳይነካው አለ። በየካቲት እህል ሲያልቅ እናቷ «ዘሩን እናስፈጨውና ልጆቹ ይብሉ» አለች። «ዘር አይበላም» አለ ሙህሲን። ከዚያ ወዲህ ቁርስ ቀረ። የሀጀራ ሁለት ታናናሾች ጠዋት ጠዋት ውሃ ጠጥተው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

ካሬዋ ደግሞ የመምህሯ የፈንታው ትእዛዝ ነበረች። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር መሬት ከልሎ፣ በየወሩ የበቀለውን ቆጥሮ እንዲመዘግብ አዘዘ። «አንዴ የተከላችሁትን ካሬ ማንሳት ክልክል ነው» አለ። ሀጀራ ማሳው መሀል ላይ ተከለች። በጥቅምት ሦስት ቆጠረች፣ በኅዳር ስድስት፣ በታኅሣሥ ስምንት፣ በጥር ዘጠኝ፣ በየካቲት አሥራ አንድ። ከየካቲቱ ውስጥ ሦስቱ ጦቢያው፣ የቀረው ቅንጬ አረም ነበር። በየወሩ ለአባቷ ታነብለት ነበር።

በመጋቢት የበልጉ የመጀመሪያ ጎርፍ መጣ። ትንሽ ነበር። ሙህሲን «ውሃ ያግኝና ይበርታ» ብሎ የማሳውን አፍ ከፍቶ አስገባው። በማግስቱ ሀጀራ ስትሄድ ሲባጎዋ የለም። ቆፍራ ሁለት ችካል አገኘች። ካሬዋ ላይ አንድ ክንድ የሚሆን አዲስ ጠጠር ተኝቶበታል። ቆጠራው ዜሮ ነው።

ዜሮ ብላ ለአባቷ መንገር አልቻለችም። ፈራች፤ ከፍርሃቷ ይልቅ ደግሞ አዘነችለት። ችካሎቹን ይዛ ጎርፉ ወዳልደረሰበት ወደ ማሳው ጥግ ሄደች። እዚያ የድሮው እርከን ትንሽ ብቅ ብሎ ይታያል፤ አቧራ ያዘለ ሰርዶ ተጎዝጉዞበታል። እዚያ ተከለችና አሥራ አራት ብላ ጻፈች።

*

በቆጠራው ማግስት፣ ሐሙስ ማታ፣ ጎረቤታቸው አብርሃም መጣ። ማሳው ከእነሱ ቀጥሎ፣ ከታች ነው። ከሙህሲን ጋር አብረው ያደጉ፣ አንዱ ሲታመም ሌላው የሚያርስለት ሰዎች ናቸው። ደጃፉ ላይ ካለችው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና ዙሪያ ጥምጥም ሳይል ጀመረ።

«ሙህሲን፣ የዘር ውሃው በእነዚህ ቀናት ይመጣል። ዘንድሮም አሳልፍልኝ። በሥላሴ፣ ካገኘሁት እኩሌታውን እሰጥሃለሁ።»

«ዘንድሮ አላሳልፍም፣ አብርሃም።»

«ምን ልታጠጣ? ጦቢያው አጭደህ ልትወቃ ነው?»

ሙህሲን ሳቀ። «ሳቅብኝ፣ ግድ የለም። መሬቱ ተመልሷል። ሀጀራ ቆጥራዋለች። ሃያ ሦስት ደርሷል።»

አብርሃም ወደ ሀጀራ ዞሮ ለረጅም ጊዜ አያት። እሷ ምጣድ እንደምታጥብ ሆና አቀረቀረች።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። በጠለፋው ሕግ ተራው የደረሰው ሰው ውሃውን ለራሱ ይከፍታል ወይም ለቀጣዩ ያሳልፋል። የመጋቢቷ ውሃ መሬት ለማራስ ብቻ ስለሆነች አትቆጠርም። የሚያዝያው የዘር ውሃ ግን ይቆጠራል። ሦስት ዓመት በተከታታይ ያሳለፈ ሰው ተራው ለዘላለም ለተቀባዩ ይሆናል። ሙህሲን ሁለት ዓመት አሳልፏል። በእነዚያ ሁለት ዓመታት የበሉት አብርሃም ካካፈላቸው እህል ነው። ዘንድሮ ካሳለፈ ግን ከቦዩ ስሙ ይፋቃል። ውሃ የሌለው ገበሬ ደግሞ በራያ ቆላ ገበሬ አይባልም፤ ሽንኩርት ለቀማ የሰው ማሳ ላይ የሚውል የቀን ሠራተኛ ነው።

«ተራህን ለመውሰድ ብዬ አይደለም» አለ አብርሃም ሲነሳ። ድምፁ ተሰብሯል። «ዘንድሮ የእኔ ተራ እስኪደርስ የዘር ጊዜ ያልፋል፤ ያንተን ውሃ ካላገኘሁ እኔም አልዘራም። ሁለታችንም ባዶ እንቀራለን፤ ይኼን አስብ።»

«አስቤያለሁ» አለ ሙህሲን።

*

ዓርብ ጠዋት መምህር ፈንታው የተማሪዎቹን መዝገብ አንድ በአንድ እየጠራ ማየት ጀመረ። የሀጀራን ገጽ ሲያይ ቅንድቡ ከፍ አለ።

«የካቲት፣ ጦቢያው ሦስት። መጋቢት፣ ጦቢያው የለም፤ ሰርዶ አሥር። እነዚያ ሦስቱ የት ሄዱ?»

ሀጀራ እስክሪብቶዋን ማገላበጥ ጀመረች። አጠገቧ የተቀመጠችው የከተማዋ ልጅ የትናየት በክርኗ ጎሸም አደረገቻትና «ፍየል በላችው በይው» ብላ ሹክ አለቻት።

መምህሩ ሰማ። «የትናየት፣ ጦቢያው የምትበላ ፍየል ካለችሽ አምጪያትና ክፍል ውስጥ እናጥናት» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ሀጀራ ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ። ፈንታው ይህን ሲያይ መዝገቡን ዘጋና በእረፍት ሰዓት እንድትጠብቀው ነገራት።

በእረፍት ሁሉንም ነገረችው፤ ጎርፉን፣ ዜሮውን፣ የተነሳችውን ካሬ። አልተቆጣም።

«ዜሮው ነበር እኮ ትልቁ ግኝትሽ። ለምን ደበቅሽው?»

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ማሽላ የሚያበቅል አፈር እስኪሆን ስንት ዓመት ይፈጃል?»

ፈንታው ጠመኔውን በጣቶቹ መሀል እያንከባለለ አሰበ። «ከወገብ በላይ ጠጠር ነው ያልሽኝ? ጦቢያውና ቅንጬ አረሙ መንገድ ከፋች ብቻ ናቸው። ከእነሱ በኋላ ሰርዶ አለ፣ ቁጥቋጦ አለ፣ ግራር አለ። እያንዳንዱ ለሚቀጥለው ትንሽ አፈር ትቶ ነው የሚያልፈው። ለማሽላ… ሠላሳ ዓመት። አርባም ሊሆን ይችላል። እሱም ካልተነካ።»

«ጎርፍ ካስገቡበትስ?»

«የእናንተ ማሳ ለጠለፋው ቅርብ ነው፤ ውሃው ከባዱን የሚጥለው መጀመሪያ ነው። ባስገባችሁ ቁጥር የበቀለው ይቀበራል። እንደገና ከዜሮ።»

ስትወጣ የትናየት በር ላይ ጠበቀቻት። «ምን አለሽ? ቀነሰብሽ?»

«አልቀነሰም። አባቴ ግን በእኔ ወሬ ውሃውን ሊያስገባ ነው።»

«ታዲያ ምን ታካብጃለሽ? ዝም በያ! ደስ ካለው ተዪዋ። ሲያቅተው ራሱ ይገባዋል።»

እውነትም ዝም ማለት ይቻል ነበር። ሙህሲን ውሃውን ያስገባል፣ ዘሩን ይበትናል፣ አይበቅልም፤ እሱም የአላህ ሥራ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ልጁን አይጠረጥርም። ሀጀራ ይህን አሰበች፤ ማሰቧም አስጠላት። ያኔ ነው ከምዕራብ በኩል የተራራው ጫፍ በጥቁር ደመና ተሸፍኖ ያየችው። ላይኛው አገር ዝናቡ ጀምሯል። ከሰዓቱን ትምህርት ትታ አስፋልቱ ላይ ባጃጅ ያዘች።

*

ስትደርስ የቦዩ ሰው ሁሉ ወጥቷል። ወንዶቹ አካፋና ዶማ ይዘው በየማሳቸው አፍ ላይ ቆመዋል። የውሃ አባት የሚሏቸው ሽማግሌው ካሳ ከፍ ያለው ጉብታ ላይ ናቸው። የጎርፉ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ እንደ ከባድ መኪና ያጉረመርማል። ሙህሲን የማሳውን አፍ አስቀድሞ ከፍቶታል። የዘሩ ከረጢት እርከኑ ላይ ተቀምጧል።

«ጎበዝ፣ መጣሽ!» አለ ሲያያት። «አንቺ እያየሽ ይግባ ብዬ ነበር።»

«አባዬ፣ አታስገባው።»

«ምን?»

«ዋሽቼሃለሁ። ካሬዋን አንስቻታለሁ። በመጋቢት ያስገባኸው ውሃ የበቀለውን ሁሉ ቀብሮት ነበር። ዜሮ ነበር የሆነው። ጥግ ላይ ሄጄ ሰርዶ ቆጠርኩልህ።»

ሙህሲን ወዲያው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«እሺ፣ ትንሽ ዘገየ እንበል» አለ። «ስንት ዓመት ይጨምራል?»

«አርባ።»

«አርባ ምን?»

«አርባ ዓመት፣ አባዬ። እሱም ጎርፍ ካልገባበት።»

«ሁለት ሦስት ዓመት ያልሽኝስ?»

«ከራሴ ነው። በሬውን የሸጥክ ዕለት ነበር። እራት አልበላህም ነበር።»

ሙህሲን ከረጢቱ አጠገብ እርከኑ ላይ ቁጭ አለ። እጁን ከረጢቱ ላይ አሳረፈ። «ልጆቼን እያስራብኩ» አለ። «ወላሂ፣ ልጆቼን እያስራብኩ ነው ይኼን ያስቀመጥኩት።»

ሀጀራ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጣት በወደደች። ይቅር በለኝ ልትል ፈለገች፤ ቃሉ በጣም ትንሽ ሆነባት።

የጎርፉ ግንባር በቦዩ መታጠፊያ ላይ ብቅ አለ። ቀይ ነው፤ አረፋና ጭራሮ ከፊቱ እየገፋ ይመጣል። ካሳ ከጉብታው ላይ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተጣሩ።

«የሙህሲን ውሃ! ይገባል ወይስ ያልፋል?»

በሕጉ መሠረት ውሃውን የሚያሳልፍ ቤት በሰው ፊት ሦስት ጊዜ ጮሆ መናገር አለበት። ዝም ካለ ውሃው ወደ ተከፈተው ማሳ ይገባል። ከታች አብርሃም አካፋውን ተደግፎ ወደ ላይ ያያል። አይጣራም፣ አይለምንም።

ሙህሲን ከተቀመጠበት ተነሳ። ዕድሜ ልኩን በዚህ ቦይ ላይ ቆሞ ኖሯል። ከአባቱ የተቀበለው ይህን መሬትና ይህን ተራ ብቻ ነው። አፉን ከፈተ።

«አልፏል» አለ።

ከሀጀራ በቀር የሰማ የለም።

«አልሰማንም!» አሉ ካሳ። «ሙህሲን! ይገባል ወይስ ያልፋል?»

ሙህሲን ሁለተኛ አልሞከረም። እንደ ታመመ ሰው ቆሞ ጠጠሩን ያያል። ውሃው ሃምሳ እርምጃ ያህል ቀርቶታል። ሀጀራ ገባት፤ አሁን እሷ ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ተራው የአባቷ እንደሆነ ይቀጥላል፣ ስሙም አይፋቅም፣ ዘሩም ዛሬውኑ ጠጠር ላይ ይበተናል። እሱ ራሱም «አልፏል» ማለቱን ዳግም አያነሳውም።

እርከኑ ላይ ወጣች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ፤ አላነሳችውም።

«የሙህሲን ውሃ አልፏል!»

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ሴት ልጅ በቦዩ ላይ ስትጮህ ሰምተው አያውቁም። ካሳ እጃቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ።

«የሙህሲን ውሃ አልፏል!»

አብርሃም ከታች ባርኔጣውን አውልቆ ማሳውን ለመክፈት ዝቅ አለ። ሀጀራ ወደ አባቷ ዞር ብላ አየች፤ አትበዪ እንዲላት የፈለገች ይመስል። እሱ ዓይኑን ከጠጠሩ ላይ አላነሳም።

«የሙህሲን ውሃ አልፏል!»

ከዚያ ወርዳ አካፋውን ከእጁ ወሰደች። አልከለከላትም። ውሃው እግሯን ሲነካ የማሳቸውን አፍ ለመዝጋት የመጀመሪያውን አፈር ወረወረች።